ከሸሚዝ አንገት የተለቀመ ፊደል

ሳልደባብቅ ልናገረው፤ የሰው ሣጥን ከፍቻለሁ። ሰርቄ አይደለም። አደራ ተሰጥቶኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ከስርቆት ይብሳል። ጎረቤቴ አሚና ቤቷ ሲታደስ፣ «እስከ ቅዳሜ ያዢልኝ» ብላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጠችብኝ። በመጀመሪያው ቀን አቧራውን ጠረግኩለት። በሁለተኛው ቀን ክዳኑ ላላ ማለቱን አየሁ። በሦስተኛው ቀን... በቃ፣ ምን ልበላችሁ፣ እናንተም ብትሆኑ ታደርጉት ነበር።

ውስጡ ደብዳቤ ነው። የጣሊያን ጊዜ ደብዳቤ። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ጀማነሽ ጉተማ ትባላለች፤ ቂርቆስ ከእናቷ ከወይዘሮ ወርቄ ጋር የምትኖር፣ ያኔ አዲስ በተሠሩት የጣሊያን ሹማምንት ቤቶች ልብስ የምታጥብ ወጣት። ሌላው መምህር ኃይለገብርኤል ደጋጋ ነው፤ የወንድሟ የበድሉ አስተማሪ። በ1929 ዓ.ም. በየካቲቱ እልቂት በድሉን ጣሊያኖች ወሰዱት። መምህሩ አመለጠና ደሴ ገብቶ፣ ጦይብ በሚል ስም፣ በአንድ ነጋዴ ግቢ ተደበቀ። ነጋዴው ታጁዲን ነው፣ የአሚና አያት። በየወሩ፣ ሲዘገይም በየሁለት ወሩ፣ በጭነት መኪና እህልና ጨው ይዞ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ደብዳቤዎቹም በእሱ ጆንያ ውስጥ ነው የተጓዙት።

«የሁለቱም ወገን ደብዳቤ እንዴት አንድ ሣጥን ገባ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መምህር መምህር ነዋ! የልጅቷን ደብዳቤ በቀይ እርሳስ እያረመ ከመልሱ ጋር ይመልስላት ነበር። ከእሷ ወደ አሚና ቤት እንዴት እንደዞረ ግን አሚናን አልጠየቅኳትም፤ ሣጥኑን መክፈቴን መናገር ይሆንብኛላ። ሁሉም ባይገኙም ያሉት ይበቃሉ። እንዳሉ ላስነብባችሁ።

*

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጦይብ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይቅርታ፣ ታጁዲን «ለአጎትሽ አልሐምዱሊላህ እያልሽ ጻፊ» ብሎኝ ነበር፤ እጄ ለምዶ አመለጠኝ።

ስለ እናቴ ለጠየቁኝ፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ግን በር ላይ ነው የምትቀመጠው። የወንድሜን ጋቢ አጥባ ታሰጣለች፣ ታጥፋለች፣ በሳምንቱ ማንም ሳይለብሰው እንደገና ታጥበዋለች። ሊነትብ ምንም አልቀረው።

ምን እየሠራሽ ነው ላሉኝ፣ መናገሩ ያሳፍረኛል። ወደ ኡራኤል በሚወስደው በኩል ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው ቤት ሠርተዋል፤ ካዛ ኢንቺስ ይሉታል፣ ሰዉ ግን አፉ እንደመራው ካዛንቺስ ማለት ጀምሯል። እዚያ ልብሳቸውን አጥባለሁ። ወንድሜን የወሰዱትን ሰዎች ልብስ።

ግን ይስሙኝ። የቤቱ ጌታ የሚሠራው የእስረኛ ነገር በሚታይበት መሥሪያ ቤት ነው። ምሳውን በልቶ ይተኛል። እኔ ደግሞ የምተኩሰው እሱ ከሚጽፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መዝገብ አለ። አብራኝ የምታጥበው ደራርቱ፣ «በየካቲት የተወሰዱት ሁሉ ስም ነው፣ ሲኞራዋ ስታወራ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ገልጬ አየሁት። ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ዳዊት የደገምኩ ሰው፣ ወንድሜ ያለበት ወረቀት ላይ አፍጥጬ እንዳልተማረ ሆኜ ቆምኩ።

አስተርጓሚ ለምን አትጠይቂም እንዳይሉኝ፤ ጠይቃ የጠፋች ሴት በሰፈራችን አለች። እርስዎ የእነሱን ፊደል ያውቃሉ። ያስተምሩኝ። እርስዎ ደሴ፣ እኔ ቂርቆስ ሆነን እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ታጁዲን ጨው ያመጣል፣ በርበሬ ያመጣል፣ ፊደል ለምን አያመጣም?

አንድ ነገር ደግሞ። የዚያን ዕለት ወንድሜ ከቤት የወጣው «መምህሬ ዘንድ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ነው። ደርሶ ነበር?

ጀማነሽ

(«ጉንዳን የሄደበት» ከሚለው ሥር በቀይ፣ «ጥሩ ብለሻል»። ከመጨረሻው ጥያቄ ሥር ምንም የለም።)

*

ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጀማነሽ፣

ሰላምታዬ ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን። ስለ ልብስ ማጠቡ ማፈርሽን ተይው። እንዴት ትኖራለህ ብለሽ በታጁዲን በኩል ለጠየቅሽኝ፣ የጎተራ ጠባቂ ነኝ፤ ማንበብ የማይችል ጠባቂ። የተማረ ሰው ይፈለጋልና፣ ወታደር ወረቀት ሲሰጠኝ ዘቅዝቄ እይዘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከእጄ ነጥቆ ገለበጠልኝና ሳቀብኝ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ አብሬው ሳቅሁ።

ትምህርቱን እንጀምር። መጽሐፍ አልልክልሽም፤ ከተያዘ ታጁዲን ያልቅለታል። መጽሐፍሽ ግን በእጅሽ ነው። በነዚያ ሰዎች ሸሚዝ አንገት ውስጥ፣ በትራሳቸው ጥግ ላይ በክር የተጠለፈ ምልክት አለ። የስማቸው መጀመሪያ ፊደል ነው። ያየሽውን ሁሉ ቀድተሽ ላኪልኝ፤ እኔ ድምፁን ከጎኑ በእኛ ፊደል ጽፌ እመልስልሻለሁ። ቀጥሎ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የሳሙና ካርቶን። ስትለማመጂ በማጠቢያው ድንጋይ ላይ በሳሙና ጻፊ። ውሃ ስታፈሺበት ይጠፋል፤ የሚመሰክርብሽ አይኖርም።

አትፍሪው። ከእኛ ፊደል ጋር ሲተያይ እፍኝ አይሞላም።

በመዝገቡ ውስጥ ከስሙ ጎን ከሦስት ቃላት አንዱ ይኖራል። በእነሱ አጻጻፍ ከዚህ ወረቀት ግርጌ አስፍሬልሻለሁ። የመጀመሪያዋ «ሊቤራቶ»፣ ተፈታ ማለት ነው። ሁለተኛዋ «ትራስፌሪቶ»፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሦስተኛዋ «ሞርቶ»፣ ሞተ። ሦስቱንም በቃልሽ ያዢ።

ሌላውን ጥያቄሽን ወረቀቱ ስላለቀብኝ በሚመጣው እመልሳለሁ።

ጦይብ

(ወረቀቱ እንኳ አላለቀም። ከግማሽ በታች ባዶ ነው። ከታች በኩል ብቻ አንድ ጥግ ተቀዷል፤ ማን እንደቀደደው አሁን ታያላችሁ።)

*

ቂርቆስ፣ ጥር 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጦይብ፣

ስንት ፊደል ያዝሽ ላሉኝ፣ አሥራ ሰባት። ድሮ በስሙ የማውቀው ሰው አልነበረም፣ አሁን በየገመዱ ላይ ያለውን ሸሚዝ ሁሉ በስሙ እጠራዋለሁ። ሁለት ሆድ ያላት «በ» ናት፤ የጎረቤት ካፒቴን ትራስ ላይ አገኘኋት። ደራርቱም ልማር ብላ ነበር። ክቧን ፊደል ከያዘች በኋላ፣ «በቃኝ፣ ይቺ ቀለበት ትመስላለች፣ ሌሎቹ መንጠቆ ናቸው» ብላ ተወችው። አሁን ግን እኔ ስጽፍ ሰው መጣ አልመጣ እያለች በር ትጠብቅልኛለች።

አንድ የማያስቅ ነገር ላስቅዎት። ሲኞራዋ የባሏን ሸሚዝ አንገት ገልብጬ ትክ ብዬ ሳይ ያዘችኝ። ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የባሏን ሸሚዝ ራሷ አጠበች። እጇ ሲላጥ ጊዜ መለሰችልኝ።

ለእናቴ ነግረሻታል ወይ ላሉኝ፣ አልነገርኳትም፤ አወቀችብኝ እንጂ። «ሳሙና መሽተት ትተሽ ወረቀት ወረቀት ትሸቺያለሽ» አለችኝ። አሁን ማታ ማታ «ስንት ቀረሽ?» ትለኛለች። ካህኑ ፍትሐት ይደረግለት ሲሏት፣ «ልጄ ወረቀቱን አንብባ ትንገረኝ» ብላ መልሳቸዋለች። ስለዚህ አይዘግዩብኝ።

ሦስተኛይቱን ቃል ግን አልያዝኳትም። ይቆጡኛል። ያለችበትን የወረቀት ጥግ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከትቻታለሁ። እናቴ ጋቢ እያጠበች በምትጠብቅበት ቤት እንዲህ ያለ ቃል አላስገባም።

ያን የፊተኛ ጥያቄዬን ሥራ በዝቶብዎት ረስተውት ይሆናል።

ጀማነሽ

(በቀይ፣ «ትምህርት አይመረጥም። ሦስተኛይቱን ድገሚ።» ሳትደግማት ቀረች።)

*

ደሴ፣ የካቲት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀማነሽ፣

ቀኑን አይተሽዋል። ሁለት ዓመት ሞላ። ዛሬ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ብያዝ ምን ልበል ላልሽኝ፣ ካውያውን እያሳየሽ ማሳረፊያ ጨርቅ ስፈልግ ነው በዪ። ካውያው ቀዝቅዞ ከሰል እስኪቀላለት ያለውን ጊዜ ብቻ ተጠቀሚ። በአንድ ቀን ከሁለት ገጽ በላይ አትግለጪ። የወንድምሽ ስም በምትጀምርበት ፊደል ጀምሪ፤ ፊደል ተራ ነው የሚጽፉት። ጣትሽን በምላስሽ አታርጥቢ፤ ወረቀቱ ላይ ይታወቃል።

በዚያ ቀን ምን እንደሆነ እንደገና ጠይቀሽኛል። እጽፍልሻለሁ። ዛሬ አይደለም።

ጦይብ

*

ቂርቆስ፣ መጋቢት 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጦይብ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ብጀምር ይቅር ይበሉኝ።

የለም።

በደንብ አይተሻል ወይ እንዳይሉኝ፤ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሁለት ሆድ ያላትን ፊደል አገኘሁ። ገጿ አምስት ነው። በየመስመሩ በጣቴ ወረድኩ። በቀለ አለ፣ ባልቻ አለ፣ ብሩ አለ። እያንዳንዱን ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይፍረዱብኝ፣ የሰው መከራ እያነበብኩ ማንበቤ ደስ ይለኝ ነበር። በድሉ ግን የለም። በስድስተኛው ቀን የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ካውያውን ረስቼው የሲኞሬው ሸሚዝ ላይ ተቀምጧል። ጭሱ ቀሰቀሰው። ደራርቱ ሮጣ ገብታ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ባትል ኖሮ ዛሬ አልጽፍልዎትም ነበር። በእኔ ፈንታ በጥፊ ተመታች። ከዚያ ወጥተን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን፣ «ቆይ፣ ያ ክብ ፊደል በስሙ ውስጥ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «እንዲያው ልረዳሽ ብዬ ነው» አለች።

እናቴ ስገባ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ «ገና አልጨረስኩም» ያልኳት። የመጀመሪያው ውሸቴ ነው።

እባክዎ ያጠፋሁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል።

ጀማነሽ

*

ደሴ፣ ግንቦት 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጀማነሽ፣

ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ የእኔ ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን፤ እነሱ የአባትን ስም አስቀድመው ነው የሚመዘግቡት። አንቺ ያነበብሻቸው እነ በቀለና ብሩ የተወሰዱት ሰዎች ሳይሆኑ አባቶቻቸው ናቸው። ጉተማ በሚለው ፈልጊ። መንጠቆ ያላት ክብ ፊደል ናት፤ በሳሙናው ካርቶን ላይ ሦስተኛዋ።

ክፍል ውስጥ ቆሜ ባስተምርሽ ኖሮ ጣትሽ የት ላይ እንዳለ አይቼ ያኔውኑ እመልስሽ ነበር። አሁን ጣትሽን ለማየት አርባ ቀን፣ ለመመለስ አርባ ቀን። እንዲህ ያለ አስተማሪ አይግጠምሽ።

ደራርቱን እጅ ንሺልኝ። ያንን ያደረገች ሰው ፊደል አያስፈልጋትም።

በዚህም ባታገኚው፣ ምንም ከማድረግሽ በፊት ጻፊልኝ። ምንም ከማድረግሽ በፊት።

ጦይብ

(የመጨረሻው ቃል ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ለምን በግልጽ አልነገራትም? እኔም ወረቀቱን ይዤ እንዲሁ ጮኼበታለሁ። አልሰማኝም።)

*

ቂርቆስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለመምህሬ፣

አጎቴ ማለቱ ዛሬ አልመጣልኝም።

አገኘሽ ወይ ላሉኝ፣ ጉተማ የሚል ሦስት አገኘሁ። አንዱ ልጁ መርጋ ነው፣ አንዱ ኃይሉ፣ አንዱ ገብረክርስቶስ። የእኛ ጉተማ የለም።

ከዚህ በኋላ እናቴን መዋሸት አቃተኝ። «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ። የለም ይላል አልኳት። ተነሣች፣ ጋቢውን ከገመድ ላይ አወረደች፣ እርጥቡን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። «እነሱ የሰውን ዶሮ እንኳ ጽፈው ነው የሚወስዱት» አለች። «ያልጻፉት ሰው፣ መጻፍ ሳያስፈልጋቸው የቀረ ነው።»

ሰኔ ሃያ አንድ ለቅሶ ተቀመጥን። ጠጉሯን ተላጨች። በዝናብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ዘመድ ጥየቃ ከደሴ መጥታ የነበረችው የታጁዲን ባለቤት ሲቲ ሳትቀር ንፍሮ ቀቅላ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። ካህኑ በክርስትና ስሙ ጠርተው ፈቱት።

ምንም ከማድረግሽ በፊት ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። እናቴን አርባ ቀንና አርባ ቀን ቆይ ልበላት? ሁለት ዓመት ተኩል ቆይታለች።

ትምህርቱ ይብቃኝ። ማንበብ ባልችል ኖሮ እስከ ዛሬ ጋቢው ይታጠብ ነበር። ለደከሙልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ እርስዎን ከአባቱ አስበልጦ ነበር የሚወድዎት። ነፍሱን ይማር።

ጀማነሽ

(በዚህኛው ላይ መምህሩ ያረመው ነገር አንድ ብቻ ነው። «ነፍሱን ይማር» የሚለውን በቀይ ሰርዞታል። እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል።)

*

ደሴ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀማነሽ ጉተማ፣

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም።

ወንድሜ ደርሶ ነበር ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ አሥር ወር ሆነ። ደርሶ ነበር።

የመጣው ሊያስጠነቅቀኝ ነው። «የተማረ ሁሉ እየተለቀመ ነው፣ እርስዎ ይሽሹ፣ መጻሕፍቱን እኔ እቀብራቸዋለሁ» አለኝ። መጻሕፍቱን እያቀፈ ሳለ የበሩን መመታት ሰማን። እኔ በጓሮ ወጥቼ ከጎረቤት አጥር ሥር ገባሁ። ከዚያ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ። የገቡት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ወረቀት ይዟል። ስሜን ከነአባቴ አነበበ። በወንድምሽ እጅ ያለው መጽሐፍ ሁሉ በሽፋኑ ላይ የእኔ ስም አለበት።

አንድ ጊዜ ተጠራሁ። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ተጠራሁ። ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ወንድምሽ «አቤት» አለ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እምልልሻለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣም። ወሰዱት። በር ሳይዘጉ ሄዱ።

ለአንቺ ያልነገርኩሽ በመጀመሪያ ለደኅንነትሽ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ደግሞ ደብዳቤው ቢያዝስ አልኩ። ሁለቱም ሰበብ ነው። አፈርኩ። የሚያከብረኝ ተማሪ በዓለም ላይ አንድ አንቺ ቀርተሽኝ ነበር፤ እሷን እንዳላጣ ብዬ፣ በሌለበት ገጽ ላይ ጣትሽን ይዤ ስመራሽ ከረምኩ። ከተያዘ በኋላ እውነተኛ ስሙን ነግሯቸው ይሆናል ብዬም ራሴን አታልያለሁ። አልነገራቸውም። ቢነግራቸው እኔን ይፈልጉኝ ነበር፤ ማንም አልፈለገኝም።

ስለዚህ ያለቀሽው ለቅሶ ገና አልተረጋገጠም። መዝገቡን እንደገና ክፈቺ። በወንድምሽ ስም አይደለም። በአባትሽም ስም አይደለም። የእኔን አባት ስም ታውቂዋለሽ። ቆማ ሆዷን የነፋች ፊደል ናት፣ ለሁለት የተቆረጠ ዳቦ የምትመስለው።

ከጎኑ ያለችውን ቃል አንብቢ። ሦስተኛይቱ ከሆነች የሞተው እኔ ነኝ፤ በስሜ ተቀብሯል፣ እኔም ከዚህ በኋላ በስሜ አልጠራም። የመጀመሪያይቱ ከሆነች ፍጠኚ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም። የሚጻፍ አይደለም።

ጦይብ

*

(ይህ የመጨረሻው ነው። በዚህኛው ላይ ቀይ ቀለም የለበትም።)

ቂርቆስ፣ መስከረም 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለመምህር ኃይለገብርኤል ደጋጋ፣

ስምዎን ሙሉውን ጻፍኩት። ታጁዲን ቢያይ ይጮኽብኛል። እኔ ግን ስድስት ቀን ሙሉ እንዳልረሳው በልቤ ስደግመው ከርሜ፣ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጳጉሜን ሦስት ነው። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘገየ። ማልቀስሽን አቆምሽ ወይ ብለው በታጁዲን አፍ ለጠየቁኝ፣ ጊዜ አላገኘሁም። ሲኞሬው ወደ ጎንደር ተዛውሯል፤ ቤቱ በሣጥን በሣጥን እየታሸገ ነው። መዝገቡ ከሣህኖቹ ጋር በገለባ ታሽጎ አገኘሁት። ደራርቱ ሲኞራዋን፣ «ገመድ ላይ ያለው አንሶላ ተሰረቀ» ብላ ግቢውን ስታዞራት እኔ ገለባውን ገለጥኩ።

ያቺን የዳቦ ፊደል ለማግኘት ሳሙናም ቆርቆሮም አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ደጋጋ፣ ቀጥሎ ኃይለገብርኤል። ከጎኑ ቃል አለ። ከማንበቤ በፊት የሆነውን ልንገርዎ። ያቺን ሦስተኛ ቃል አልማርም ብዬ አቃጥያት ነበር አይደል? ገጹ ላይ ከላይ ሰባት፣ ከታች አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፋለች፣ አንድ ዓይነት አጭር ቃል፣ ከሰው ሁሉ ጎን። ማንም ሳያስተምረኝ አወቅኋት። እርስዎ ልክ ነበሩ፣ ትምህርት አይመረጥም።

ከስምዎ ጎን ያለችው ግን እሷ አይደለችም። ረጅም ናት። ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። «ሊቤራቶ» ትላለች።

ደስ እንዳይልዎ። ገና ነው። በየካቲት ተይዘው ሶማሌ በረሃ ከታሰሩበት የተፈቱት ከሐምሌ ጀምሮ በባቡር ለገሃር እየገቡ ነው። እኛ ለቅሶ ላይ ስለነበርን አልሄድንም፤ የሞተብን ሰው ነበረና። እንዴት እንደሚደረግ ከሰዉ ሰማሁ። አጥር ውስጥ አሰልፈዋቸው ስም ይጠራሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለ ዘመድ አቤት ብሎ ይፈርማል፣ ይወስዳል። ዘመድ ያልመለሰለት እንደገና ተጭኖ ለመንገድ ሥራ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግር የለም። ሁለት ባቡር ገብቶ አልፏል። እርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለዎትም። ስምዎ ተጠርቶ ከሆነ ማንም አቤት አላለም። ደብዳቤዎ ሰኔ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚለውን አልጽፍም፤ እርስዎም አስበውታል።

እናቴ ጥቁሯን አላወለቀችም፣ እኔም አውልቂ አላልኳትም። ሁለት ጊዜ ልቅበርባት? ብቻ ዛሬ ጠዋት ጋቢውን አጥቤ ሳሰጣው አየችኝ። ቀረበችና፣ «እንዲህ አይጨመቅም» ብላ ከእጄ ወሰደችው።

ይቅር ብያለሁ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ ደግ አደረጉ። ብዬዎታለሁ ብጽፍ ውሸት ነው፤ አላልኩም ብልም ውሸት ይመስለኛል። ያስተማሩኝን ግን እይዘዋለሁ። ስምዎንም እወስድብዎታለሁ። ወንድሜ ከወረደ የመታወቂያ ወረቀቱ ላይ እርስዎ ነው፤ ይህ ዘመን እስኪያልፍ ኃይለገብርኤል እሱ፣ ጦይብ እርስዎ ነዎት። ወረቀት ሲሰጡዎ ዘቅዝቀው መያዙን አይተዉ።

ሦስተኛው ባቡር ነገ ነው። ደራርቱ አብራኝ ትመጣለች፤ ድምፄ ከጠፋብኝ እሷ እንድትጮህልኝ ስሙን ሳስጠናት አመሸሁ። እኔ ግን ድምፄ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሲጠሩ፣ ሁለተኛ እስኪጠሩ አልጠብቅም። ከአጥሩ ሥር ሆኜ አቤት እላለሁ። ፈርሚ ሲሉኝም በአውራ ጣቴ አልፈርምም፣ በፊደላቸው እጽፍላቸዋለሁ።

ታጁዲን እሑድ ነው የሚነሣው። ስምዎ ሲጠራ ማን ወደ አጥሩ እንደመጣ፣ ወይም ማንም እንዳልመጣ፣ ከእሑድ በፊት በእጄ ጽፌ እልክልዎታለሁ።

ጀማነሽ